ባለቤት ያጣ በር

ልጅ ሆነን በሰፈራችን ሜዳ የጨርቅ ኳስ ስንጫወት ሁለት ነገሮች ሁልጊዜ ግልጽ ነበሩ። አንደኛው የኳሷ ባለቤት ማን እንደሆነ ነው። ባለኳሱ ከተቆጣ ኳሷን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ጨዋታውም እዚያው ላይ ያበቃል። ስለዚህ ባለኳሱ ኳስ ባይችልም አጥቂ ይሆናል፤ ፍጹም ቅጣት ምት የሚመታውም እሱ ነው። ሁለተኛው ግልጽ ነገር በረኛ የሚሆነው ማን እንደሆነ ነው። በረኛ የሚሆነው ወይ እግሩ የተሳሰረ፣ ወይ ዘግይቶ የመጣ፣ ወይም የአንዳችን ታናሽ ወንድም ሆኖ "እኔንም አጫውቱኝ" እያለ ያለቀሰ ልጅ ነው። በሁለት ድንጋዮች መካከል እናቆመውና "እንዳይገባብህ!" እንለዋለን። ከገባበት ይሰደባል፤ ካልገባበት የሚያስታውሰው የለም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን አለፈ። ከሰፈር ሜዳ ወደ ስታዲየም ተሸጋገርኩ፤ ካታንጋ ፀሐይ ለበለበኝ፣ ሚስማር ተራ ዝናብ ወረደብኝ፣ ጠጉሬም ሸበተ። በክለቦቻችን የማየው ግን ያንኑ የሰፈር ጨዋታ ነው። በረኛው ዛሬም መጨረሻ የሚታሰብ ሰው ነው። ልዩነቱ የኳሷ ባለቤት ማን እንደሆነ አለመታወቁ ብቻ ነው።

የምደግፈውን ክለብ ስም እዚህ ላይ አልጠራም። ብጠራው ግማሹ አንባቢ "ይበላቸው!" ብሎ ገጹን ይገልጣል፤ ሌላው ግማሽ ደግሞ የምጽፈውን ሁሉ የተቀናቃኝ ወሬ ያደርገዋል። ለነገሩ ስሙ ምን ያደርጋል? የእናንተም ክለብ እንደዚያው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይኸው ክለብ የደጋፊዎች ስብሰባ ጠርቶ ሄድኩ። የአባልነት መታወቂያዬን በደረት ኪሴ ይዣለሁ፤ መዋጮዬ አንድም ወር ተዛንፎ አያውቅም። ተራዬ ሲደርስ ተነስቼ አንዲት ጥያቄ ጠየቅሁ። "ለመሆኑ የክለቡ ባለቤት ማን ነው?" አልኩ። አዳራሹ ሳቀ። መድረኩ ላይ ከተቀመጡት ሹማምንት አንዱ ማይክራፎኑን ወደ አፋቸው አስጠግተው "ወንድማችን፣ የክለቡ ባለቤት እናንተ ናችሁ! ደጋፊ የሌለው ክለብ ክለብ አይደለም!" አሉ። ጭብጨባው ቤቱን አናጋው። እኔም ሳላውቀው አጨበጨብኩ። የነቃሁት ስመለስ ታክሲ ውስጥ ነው። ባለቤት ከሆንኩ ያለፈው ዓመት ሒሳብ የታለ? በረኛችን ሲሰናበት ማን ጠየቀኝ? አዲሱ ሲፈርም ስንት እንደተከፈለው የሰማሁት ከመጠጥ ቤት ወሬ አይደለም ወይ? ቤቱ የአንተ ነው ተባልኩ፤ ቁልፉን የሰጠኝ ግን የለም።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት የክለቦቻችንን ስም ልብ ብላችሁ ቁጠሩት። ቡና ገበያ፣ መብራት ኃይል፣ መድን፣ ንግድ ባንክ፣ ኦሜድላ፣ መቻል። ይህ የስም ዝርዝር ብቻ አይደለም፤ የደሞዝ ከፋዮች መዝገብ ነው። ልጅ በአባቱ እንደሚጠራ ሁሉ ክለቦቻችን በከፋያቸው ይጠራሉ። በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ልጆች የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ እንኳ በደርግ ዘመን የራሱን ስም አስቀምጦ በቢራ ፋብሪካ ስም ለመጫወት ተገዷል። ቀጥሎ የከተሞች ዘመን መጣ። ሐዋሳ ከተማ፣ አዳማ ከተማ፣ ባሕር ዳር ከተማ፣ ድሬዳዋ ከተማ፣ አርባ ምንጭ ከተማ። ከተማ የሚለው ቃል እዚህ ላይ ሕዝቡን የሚገልጽ ይመስላል፤ ነገር ግን ትርጉሙ ማዘጋጃ ቤቱ ነው።

የእነዚህን መሥሪያ ቤቶችና አስተዳደሮች ውለታ አልክድም። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ ማሊያ የሚገዛ፣ አውቶቡስ የሚከራይ፣ ደሞዝ የሚከፍል አይገኝም ነበር። ነገር ግን ከፋይ ሌላ፣ ባለቤት ሌላ። ከፋይ የሚያስበው እስከ በጀት መዝጊያ ነው። ባለቤት የሚያስበው እስከ ልጅ ልጁ ነው። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ቀን ይከፈታል፤ ሰኔ 30 ይዘጋል። በዚህ መካከል ያልታየ ነገር ለከፋዩ የለም ማለት ነው። ከንቲባው ሲቀየር የቦርዱ ሰብሳቢ ይቀየራል። ሰብሳቢው ሲቀየር አሠልጣኙ ይሰናበታል። አዲሱ አሠልጣኝ ደግሞ ገና ቱታውን ሳይለብስ "የምሠራባቸውን ልጆች ራሴ አመጣለሁ" ይላል። እንዲህ እያልን በየዓመቱ አዲስ ቤት እንሠራለን፤ አንዱንም ክዳን ሳናለብሰው።

ሻምፒዮኖቻችን እንዴት እንደሚሞቱ ተመልከቱ። ደደቢት በ2005 ዋንጫውን አነሳ፤ በ2011 ከሊጉ ወረደ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2014 ወረደ። በየትኛውም አገር ክለብ ይወርዳል፤ ያ አይገርምም። የሚገርመው ዋንጫ ያነሳ ክለብ አራትና ስድስት ዓመት ሳይሞላው ሲፈርስ የሚጠየቅ ሰው አለመኖሩ ነው። አባቶቻችን ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይሉ ነበር። እኛ ዘንድ ባለቤቱ ስለማይታወቅ የሚናቅ እንኳ የለም፤ አጥሩ ግን ሁልጊዜ ይነቀነቃል።

በሌላው ዓለም ደጋፊ "ልጆቻችንን ሸጡብን" ብሎ ያለቅሳል። እኛ ለዚህ ልቅሶ እንኳ አልታደልንም። እኛ ዘንድ ተጫዋች አይሸጥም፤ ይበተናል። አንድ ወይም ሁለት ዓመት ይፈርማል፤ ውሉ ሲያልቅ በክረምት ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሌላው ክለብ ይሻገራል፤ ላሳደገው ክለብ ሰባራ ሳንቲም አይገባለትም። አንድ ክረምት የእኔው ክለብ ከግማሽ በላይ ተጫዋቾቹን ሸኝቶ በምትካቸው ከየክለቡ የተሸኙትን ተቀበለ። መስከረም ላይ የቡድኑን ፎቶ ያየ ጎረቤቴ "ይኼ የማን ቡድን ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ማሊያውን አይቼ ነገርኩት እንጂ ፊታቸውን እኔም አላውቃቸውም ነበር። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ማለት ይኸው ነው።

ተጫዋቹን አልወቅሰውም። ዕድሜው አጭር ነው፤ ጉልበቱ አንድ ቀን ከከዳው የሚያስታምመው ክለብ እንደሌለ ያውቃል። ባገኘበት ቢፈርም ምን ይደረግ? ወቀሳዬ ገንዘቡ ሁሉ ለፊርማና ለደሞዝ ፈስሶ ለሥልጠና የሚተርፈው ትርፍራፊ መሆኑ ላይ ነው። በነሐሴ 2011 ክለቦቹና ፌዴሬሽኑ ተሰብስበው የአንድ ተጫዋች የወር ደሞዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። ብዙዎቻችን አጨበጨብን። ብዙም ሳይቆይ የፊት በሩ ሲዘጋ የጓሮው በር ተከፈተ የሚል ወሬ ከከተማ ከተማ ናኘ። ወሬውን ማጣራት ቀላል በሆነ ነበር፤ የክለቦቹ ሒሳብ ለአባላት የሚነበብ ቢሆን ኖሮ። አይነበብም። ስለዚህ ወሬ ሒሳብን ተክቶ ይኖራል።

በአግባቡ መሸጥ ምን እንደሚመስል ግን አይተናል። በ2013 የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን የሰበረው አቡበከር ናስር በ2014 ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ። ደጋፊው አዘነ፤ ነገር ግን የኮራ ሐዘን ነበር። ውል በእጁ ያለ ክለብ ልጁን ሲድር እንጂ ሲያስኮበልል አልታየም። በዚያ ላይ የፊፋ ደንብ ከአገር ወደ አገር በሚደረግ ዝውውር ከሚከፈለው ገንዘብ 5 በመቶው ተጫዋቹን ከ12 ዓመቱ እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች እንዲከፋፈል ያዛል። ይህን ለመጠየቅ ክለቡ ልጁን መቼ እንደመዘገበ የሚያሳይ ሰነድ ያስፈልገዋል። ዓመት በዓመት ጽሕፈት ቤቱ ሲቀየር መዝገቡ በማን መሳቢያ እንደቀረ የማያውቅ ክለብ ምኑን ይዞ ይጠይቃል?

አሁን ወደ በሩ ልምጣ፤ የሚያንገበግበኝ እሱ ነውና።

ከ2009 እስከ 2014 ድረስ ፕሪምየር ሊጉን ያሸነፉትን ክለቦች በረኞች በጣታችሁ ቁጠሩልኝ። በ2009 ቅዱስ ጊዮርጊስ፤ በረኛው ኡጋንዳዊው ሮበርት ኦዶንካራ። በ2010 ጅማ አባ ጅፋር፤ በረኛው ጋናዊው ዳንኤል አጄይ። በ2011 መቐለ 70 እንደርታ፤ በረኛው የኢኳቶሪያል ጊኒው ፊሊፕ ኦቮኖ። የ2012ቱ ውድድር በወረርሽኙ ምክንያት ተሰረዘ። በ2013 ፋሲል ከነማ፤ በረኛው ማሊያዊው ሚኬል ሳማኬ። በ2014 እንደገና ቅዱስ ጊዮርጊስ፤ በረኛው እንደገና ኡጋንዳዊ፣ ቻርለስ ሉክዋጎ። አምስት ሻምፒዮን፣ አምስት እንግዳ በረኛ። ሰዎቹ ጎበዞች ነበሩ፤ ኦዶንካራ ያዳናቸውን ኳሶች እያየሁ እጄን በአፌ ጭኜ አውቃለሁ። እንግዳ መጥላትም ባህላችን አይደለም። ነገር ግን ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለባት አገር ዋንጫ የሚያነሳ ክለብ በር ላይ አምስት የውድድር ዘመን ሙሉ የራሷን ልጅ ማቆም አቅቷት ስታዩ "ለምን?" ማለት የለባችሁም? ከዚያ ወዲህ ጥቂት የአገር ልጆች በትልልቆቹ ክለቦች በር ላይ መቆማቸውን አልክድም። ጥያቄው ግን አልተመለሰም።

ብሔራዊ ቡድናችን ሒሳቡን አስቀድሞ ከፍሏል። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስንበትን ጥር 2005 ማን ይረሳል? ጥር 13 ቀን ኔልስፕሩት ላይ ከዛምቢያ ጋር ስንጫወት ከተማው በሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ነበር። ሳላዲን ሰይድ የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት የዛምቢያው በረኛ ኬኔዲ ምዌኔ መለሰው። ጥቂት ቆይቶ የእኛው ጀማል ጣሰው ከበሩ ወጥቶ ኳሷን ለማራቅ ሲሞክር እግሩ ተጋጣሚው ላይ አረፈ፤ ቀይ ካርድ። ዘሪሁን ታደለ ገባ፤ በ10 ሰው ተጫውተን በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ወጣን፤ መንገዱም በጭፈራ ተጥለቀለቀ። ከዚያ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ረታን፤ ያውም የእነሱ በረኛ በቀይ ካርድ ከወጣ በኋላም ጎል እየገባብን። በሦስተኛው ጨዋታ ከናይጄሪያ ጋር ሦስተኛው በረኛችን ሲሳይ ባንጫ መጨረሻው ላይ በቀይ ካርድ ተሰናበተ። ቅያሬ አልቆ ስለነበር አማካዩ አዲስ ሕንጻ ጓንት አጥልቆ በሩ ላይ ቆመ። በ3 ጨዋታ 3 በረኞች፣ አራተኛ ደግሞ የመሐል ሜዳ ሰው! ያን ቀን ብዙዎች ልጆቹን ሰደቡ። እኔም ሰድቤያለሁ። ዛሬ ሳስበው ግን መቼ እንደሚወጡና መቼ በመስመራቸው እንደሚቆዩ ከ14 ዓመታቸው ጀምሮ ያስተማራቸው ማን ነበር?

የድሮው ሁሉ ወርቅ ነበር ከሚሉት ሽማግሎች ወገን አይደለሁም። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብጾችን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ስናሸንፍ በሩ ላይ የቆመው ጊላ ሚካኤል ተክለማርያም ነበር፤ እሱንም ሁለት ጊዜ አግኝተውታል። ልዩነቱ የበረኛ ሥራ ከዚያ ወዲህ ተለውጦ ሌላ ሙያ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የጨዋታው ሕግ ተሻሽሎ በረኛ የራሱ ተጫዋች በእግሩ የመለሰለትን ኳስ በእጁ እንዳይነካ ተከለከለ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በረኛ እንደ ተከላካይ ኳስ መቆጣጠር፣ በሁለቱም እግሩ ማቀበል፣ ከኋላ ሆኖ ጨዋታ ማንበብ ግዴታው ሆነ። ይህ በአንድ ክረምት የሚማሩት አይደለም። አጥቂ በ19 ዓመቱ ሊፈነዳ ይችላል። በረኛ ግን የሚበስለው ዘግይቶ ነው፤ የሚበስለውም እየተሳሳተ ነው። የግብጹ ኢሳም ኤል ሐዳሪ እ.ኤ.አ. በ2018 በዓለም ዋንጫ ሲሰለፍ ዕድሜው 45 ነበር።

እንግዲህ ይህን ከሐምሌ እስከ ሰኔ ካለው ካላንደር ጋር አስተያዩት። የ15 ዓመት በረኛ ላይ ዛሬ ገንዘብ የሚያወጣ የቦርድ ሰብሳቢ ፍሬውን የሚያየው ከስምንት ወይም ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜ እሱ የት እንዳለ እሱም አያውቅም። እንግዳው በረኛ ግን በነሐሴ ይፈርማል፤ በጥቅምት ያድናል፤ በሰኔ ዋንጫ ሊያመጣ ይችላል። በሰብሳቢው ቦታ ብሆን እኔስ የትኛውን እመርጥ ነበር? እውነቱን ለመናገር እንግዳውን። ሰውየው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ የተቀመጠበት ወንበር ሩቅ አያሳይም። በረኛ የጠፋብን ባለቤት ስለጠፋ ነው የምለው ለዚህ ነው።

በሰፈራችን አንድ ልጅ ነበር። ቁመቱ መለሎ፣ እጁ አካፋ የሚያክል። ጠጠር በሞላበት ሜዳ ላይ እየተወረወረ ክርኑና ዳሌው ሁልጊዜ እንደቆሰለ ነበር። አንድ ክለብ ወደ ተስፋ ቡድኑ ወሰደው፤ የሰፈሩ እናቶች እልል አሉ። አራት ዓመት እዚያ ቆየ። በአራቱ ዓመታት ውስጥ ለበረኞች ብቻ የተመደበ አሠልጣኝ አላየም፤ የበረኞች አሠልጣኝ ያለው ዋናው ቡድን ብቻ ነበር። የተስፋ ቡድኑ በረኞች ሌሎቹ ኳስ ሲነካኩ በሜዳው ዙሪያ ይሮጣሉ፤ ልምምዱ ሲያበቃ ደግሞ አጥቂዎቹ ጎል እንዲለማመዱባቸው በር ላይ ይቆማሉ። አንድ ጊዜ ዋናው በረኛ ተጎድቶ ለአንድ ጨዋታ ተሰለፈ። በ70ኛው ደቂቃ አካባቢ አንዲት የማዕዘን ምት ከእጁ ሾልካ ገባች። ከተቀመጥንበት ተነስተን ያልተናገርነው ነገር አልነበረም። የውኃ ፕላስቲክ የወረወረም ነበር። በቀጣዩ ክረምት ክለቡ ከውጭ በረኛ አመጣ፤ እኛም አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄደን አበባ ሰጠነው። የሰፈራችን ልጅ ውሉ ሳይታደስ ቀረ። አሁን ባጃጅ ይነዳል።

ይህን የጻፍኩት ራሴንም ለመክሰስ ነው። የ20 ዓመት ልጅ አንዴ ሲሳሳት "አውጡት!" የምንለው እኛው ነን። ለከፋዩ ሰበብ የምናቀብለው እኛ ነን። "ሕዝቡ ውጤት ይፈልጋል" ሲሉ አይዋሹም። ድምፅ የሌለው ደጋፊ ግን የቀረው መሣሪያ ጩኸት ብቻ ነው። አቅዶ መምረጥ የማይችል ሰው በስሜት ይሳደባል፤ ሲሳደብ ደግሞ "ደጋፊ ስሜታዊ ስለሆነ ክለብ ማስተዳደር አይችልም" ይባላል። ስሜታዊ ያልሆኑት ሰዎችስ እስከ ዛሬ ሲያስተዳድሩ ምን አተረፉልን?

"ይህ ሁሉ ሀብታም ሲገዛቸው ይስተካከላል" የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ለእነዚህ ወዳጆቼ መልሱ እሑድ እሑድ ዲኤስቲቪ በሚያሳዩት ቤቶች ግድግዳ ላይ ይታያል። የሰፈሬ ወጣቶች የማንቸስተር ዩናይትድን ባለቤቶች የግሌዘር ቤተሰብን እንደ ጎረቤት ደመኛ ነው የሚረግሙት። ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በ2005 ክለቡን 790 ሚሊዮን ፓውንድ አካባቢ በሚገመት ዋጋ ሲጠቀልል ከገንዘቡ አብዛኛውን ተበድሮ ዕዳውን በክለቡ ጀርባ ላይ እንደጫነው ልጆቹ ጠንቅቀው ያውቃሉ። የተቆጡ ደጋፊዎች በዚያው ዓመት ወጥተው የራሳቸውን ክለብ እንደመሠረቱም ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 ሀብታሞቹ ሱፐር ሊግ እናቋቁማለን ሲሉ የእንግሊዝ ደጋፊዎች አደባባይ ወጥተው በሁለት ቀን ውስጥ ስድስቱንም የእንግሊዝ ክለቦች ከውጥኑ እንዳስወጧቸው አጨብጭበው አይተዋል። እነዚሁ ልጆች ስድስት ፌርማታ ርቆ የሚገኘው የገዛ ከተማቸው ክለብ ቦርድ ውስጥ ማን እንደተቀመጠ ብትጠይቋቸው ትከሻቸውን ይነቀንቃሉ። አልፈርድባቸውም፤ የለንደኑ ሒሳብ ይታተማል፣ የእኛው ተቆልፎበታል።

ሌላ መንገድ እንዳለ ለማየት ለንደን መሄድ አያስፈልግም፤ ካይሮ በቂ ነው። አል አህሊን የሚመራውን ሰው የሚመርጡት የክለቡ አባላት ናቸው፤ የቀድሞው ኮከባቸው ማሕሙድ ኤል ኸጢብ እ.ኤ.አ. በ2017 ሊቀመንበር የሆነው በድምፅ ነው። በጀርመን ከ1998 ወዲህ በጸናው ደንብ፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ የክለቡ ድምፅ 50 በመቶ ሲደመር አንድ በአባላቱ እጅ ይቆያል። የአባላት ክለብ አይሳሳትም አልልም። ባርሴሎና በአባላት ተይዞም ዕዳ ውስጥ ተዘፍቋል፤ ሜሲንም አጥቷል። ነገር ግን ፕሬዝዳንቱ ባርቶሜው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 የመታመኛ ድምፅ ሊሰጥበት መሆኑን ሲያይ ወንበሩን ጥሎ ወጣ። እኛ ማንን አስወጥተን እናውቃለን? ከአሠልጣኝና ከበረኛ በቀር?

የከፋዩና የባለቤቱ ልዩነት አንዴ ፍንትው ብሎ የታየኝ በ2013 ነው። ሊጉ ከሱፐር ስፖርት ጋር የ5 ዓመት ውል ፈርሞ 22.5 ሚሊዮን ዶላር ተባለ፤ ጨዋታዎቻችን በሥርዓት በቴሌቪዥን መታየት ጀመሩ፤ ደስ አለን። በዚያው ዓመት ውድድሩ በወረርሽኙ ሰበብ በየተራ በአንድ አንድ ከተማ እየተሰበሰበ ይካሄድ ጀመር። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም ይኸው አሠራር ዓመታት ቀጠለ። ክለቤን በከተማው ማየት ቀረ። ከበሮው ተሰቀለ፤ አስጨፋሪዎቻችን ሥራ ፈቱ። ታዲያ ከክለቦቹ መካከል "ደጋፊዬ ከሌለ በትኬት የማገኘው ገቢ ቀረብኝ" ብሎ መሬት የቧጠጠ ነበር? ደጋፊው የሚያመጣው ገንዘብ ከከፋዩ በጀት አንጻር ኢምንት ስለሆነ ስታዲየሙ ባዶ ቢሆንም ደሞዝ ይከፈላል። ባለቤት ቢኖረው ኖሮ ባዶ ወንበር እንቅልፍ ይነሳው ነበር።

የውጭ በረኛ ይከልከል የሚሉም አሉ። ግብጽ ክለቦቿ የውጭ በረኛ እንዳያስፈርሙ ከልክላ ኖራለች፤ ሐሳቡን አልቃወምም። ነገር ግን ክልከላ ብቻውን በረኛ አይወልድም። ግብጽ በሩን የዘጋችው ውስጥ የሚያሠለጥን ቤት ስላላት ነው። እኛ ብንዘጋው ያው የሰፈር ልጅ ጠጠር ላይ እየተጋጋጠ ያድግና በ20 ዓመቱ ሳይዘጋጅ በሩ ላይ ይቆማል፤ በመጀመሪያው ስሕተትም እንጮኽበታለን።

እኔ የምጠይቀው ከዚህ ያነሰ ነው። መዋጮ የምከፍልበት ክለብ የዓመቱን ሒሳብ በኦዲተር አስመርምሮ በአባላቱ ፊት ያንብብልኝ። ከቦርዱ ወንበሮች ጥቂቶቹን አባላት በድምፃቸው ይምረጡ፤ ከንቲባ ቢቀየርም የማይቀየር አንድ ሰው እዚያ ቤት ውስጥ ይኑር። ከአንድ እንግዳ በረኛ ፊርማ ላይ በሚቆረጥ ገንዘብ ለ17 ዓመት በታች ቡድን የበረኞች አሠልጣኝ ይቀጠር፤ ልጆቹም ቢያንስ ለ4 ዓመት ውል ይፈርሙ፤ ቢሸጡ ይሸጡ፣ ግን አይበተኑ። በምላሹ እኔም ልጁ ሲሳሳት ምላሴን እሰበስባለሁ። ይህን ለመጠየቅ በሚቀጥለው ስብሰባ መታወቂያዬን ይዤ ከፊት ወንበር ላይ ነኝ። ቢስቁም ግድ የለኝም፤ አሁን ለምደውኛል፤ ገና ሳልነሳ ማይክራፎኑን ያርቁታል።

ያ ባጃጅ የሚነዳው የሰፈራችን ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት ባጃጁን ሜዳው ዳር አቁሞ አራት ልጆችን በረኛ ያደርጋል። ጓንቱ አንድ ብቻ ስለሆነ በየተራ ያጠልቁታል። እንዴት እንደሚወድቁ መጀመሪያ በቆሻሻ ከረጢት ላይ በተሞላ ሰጋቱራ ያለማምዳቸዋል፤ ከዚያ ነው ወደ ጠጠሩ የሚያወጣቸው። ባለፈው ሳምንት ከልጆቹ አንዱ አሥር ዓመት ያልሞላት ልጅ መሆኗን አስተዋልኩ፤ ከመስመሯ ስትወጣ ከሁሉም ትፈጥናለች። የክለቡ ጽሕፈት ቤት ከዚያ ሜዳ በታክሲ አንድ ፌርማታ ነው። እስካሁን መጥቶ ያያቸው የለም።